ዲስክ ሲለወጥ ላፕቶፑ ለምን አልነሣም ይላል?

ብዙዎቻችን የዘገየ ላፕቶፕ እንዲፈጥን ሃርድ ዲስኩን አውጥተን ኤስኤስዲ እናስገባለን። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ፋይል ብቻ ኮፒ አድርገን አሮጌውን ስንነቅል ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ አስቀድሞ የሚፈልገው የትምህርት ዕቅዳችንን ሳይሆን ዊንዶውስን የሚያስነሣውን ትንሽ ስውር ክፍል ነው። እሱ ደግሞ በተራ ኮፒ አብሮ አይሄድም። ስለዚህ የሚከተለውን ልብ ማለት ያስፈልጋል፦

1ኛ/ ሰነዶችን በሌላ ፍላሽ ማስቀመጥ፤
2ኛ/ ቢትሎከር ካለ ባለ 48 አኀዙን ቁልፍ በወረቀት መጻፍ፤
3ኛ/ በክሎን ፕሮግራም ዲስኩን ከነስውር ክፍሎቹ መገልበጥ፤
4ኛ/ በባዮስ ውስጥ አዲሱን ዲስክ ቀዳሚ ማድረግ፤ ዩኢኤፍአይ የነበረውን ግን ወደ ሌጋሲ አለመለወጥ።

አዲሱ ተነሥቶ ጥቂት ቀን በደንብ እስኪሠራ ድረስ አሮጌውን ፎርማት ማድረግ አይገባም። እሱ እስካለ ድረስ የዓመት ሥራችን አለ።