ማርሚታው የተበሳ ሞተር ሳይክል ድምፅ እንጂ ጉልበት አይጨምርም

ያገለገለ ሞተር ሳይክል ለመግዛት የሚመጣ ሰው ከቀለሙ ቀጥሎ የሚያየው ነገር ቢኖር የሞተሩን ድምፅ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ነዳጅ ሰጠት አድርጎ ያስጮኸዋል። ድምፁ ወፍራምና ከሩቅ የሚሰማ ከሆነ «ጉልበታም ነው» ይባላል። የፋብሪካውን ማርሚታ ቤት ውስጥ በመሰርሰሪያ መብሳት፣ ጫፉን በመጋዝ መቁረጥ ወይም የውስጡን ቱቦ አውጥቶ መጣል ዋጋ እንደሚያስጨምር ተደርጎ የሚታየውም ከዚህ የተነሳ ነው።

ይሁን እንጂ ድምፅና ጉልበት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በተለይ እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ የደጋ ከተማ ሁለቱን አምታቶ የገዛ ሰው ትርፉ ጩኸት፣ ዕዳው የሞተር እድሳት ሊሆን ይችላል።

ማርሚታ ምን ይሠራል?

በሲሊንደሩ ውስጥ የተቃጠለው ጋዝ ቫልቩ በተከፈተ ቁጥር በከፍተኛ ግፊት ይወጣል። እያንዳንዱ አወጣጥ አንድ ተኩስ ነው። ማርሚታው በውስጡ ባሉት ክፍሎችና እንደ ወንፊት በተበሱ ቱቦዎች ጋዙን እያዟዟረ ግፊቱን ያበርዳል፤ የድምፅ ሞገዶቹም እርስ በርሳቸው እንዲጠፋፉ ያደርጋል። ቱቦው ሲወጣ ወይም ቆርቆሮው ሲበሳ ተኩሱ ሳይበርድ ይወጣል። ባለቤቱ የሚሰማው «ጉልበት» ይኸው ነው። የፒስቶኑ ስፋትም ሆነ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ቤንዚን ግን አልጨመረም።

የደጋው አየር

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተር የሚሠራው በአየር በመሆኑ ኃይሉም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በፋብሪካው መግለጫ 10 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ሞተር በማርቆስ መንገድ ላይ የሚሰጠው 7.5 ገደማ ነው ማለት ነው። ወደ ጮቄ ተራራ በተወጣ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ይደክማል።

ካርቡራተር ያለው ሞተር በዚህ ላይ ሌላ ችግር አለበት። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ፍጆታው ይጨምራል፣ ሞተሩም ታፍኖ የሚሄድ ይመስላል። ባለቤቱ ጥፋቱን በማርሚታው ላይ ጥሎ መሰርሰሪያ የሚያነሳው ይሄኔ ነው።

ማርሚታው ከተበሳ በኋላ «ሞተሩ ቀለል አለልኝ» የሚሉ ሰዎች ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አይባልም። ጭሱ በቀላሉ ሲወጣ የሚገባው አየር በመጠኑ ስለሚጨምር የበዛው ቤንዚን በከፊል ሊመጣጠን ይችላል። ነገር ግን ይህ በግምት የተደረገ ማስተካከያ ነው። ከአየሩ መሳሳት የጎደለውን ሩብ ያህል ኃይልም አይመልስም።

ሒሳቡ ዓባይ በረሃ ላይ ይመጣል

ግምቱ የሚከሽፈው ሞተሩ ከማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ነው። ድልድዩ ያለበት ቦታ ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው። በማርቆስ ተመጣጥኖ የነበረው ድብልቅ አሁን አየር ይበዛበታል፣ ቤንዚን ያንሰዋል። በተለይ ማርሚታው ተበስቶ የካርቡራተሩም የቤንዚን ቀዳዳ ለደጋ ተብሎ የጠበበ ከሆነ እጥረቱ ይብሳል።

ቤንዚን ያነሰው ሞተር በሙቀት ይሠራል። ነዳጅ ሲለቀቅ መተኮስ፣ የካንዴላ ጫፍ መንጣትና የጭስ ማውጫው ብረት መቅላት ምልክቶቹ ናቸው። በዚህ ሁኔታ ጭነት ይዞ በበረሃው ሙቀት ወደ ደጀን ረጅሙን አቀበት የሚወጣ ሞተር ቫልቩን ወይም ፒስቶኑን ሊያቃጥል ይችላል። ያኔ ወጪው ለሲሊንደርና ለፒስቶን እንጂ ለማርሚታ አይሆንም።

ለደጋ ሞተር መድኃኒቱ ርካሽ ነው። በቅድሚያ የአየር ፊልትሮውን ማጽዳት፣ ቀጥሎም ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ የናስ ብሎን ለከፍታው በሚስማማው መለወጥ ነው። የወጣውን ብሎን ግን መጣል አይገባም፤ ወደ ቆላ ሲኬድ ተመልሶ ይገባል።

ማርሚታ የውድድር ሚስጥር የነበረበት ጊዜ

ከላይ የተባለው ባለ አራት ምት ሞተርን ይመለከታል። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ባሉት ዘይትን ከቤንዚን ጋር በሚያቃጥሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ላይ ጥፋቱ የከፋ ነው። በእነዚህ ሞተሮች የጭስ ማውጫው መሐሉ አብጦ ጫፉ የሚጠበው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚወጣው የግፊት ሞገድ ከጠባቡ ጫፍ ተመልሶ፣ ሳይቃጠል ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል።

ይህን ዘዴ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዳበረው የምሥራቅ ጀርመኑ ኤም ዜድ ፋብሪካ መሐንዲስ ዋልተር ካደን ነበር። ለፋብሪካው ይወዳደር የነበረው ኤርንስት ዴግነር እ.ኤ.አ. በ1961 ወደ ምዕራብ ኮብልሎ ዕውቀቱን ለጃፓኑ ሱዙኪ አሳልፎ ሰጠ። በተከታዩ ዓመትም ሱዙኪ በዚሁ ሰው ነጂነት የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮና ሆነ። አንድ ኩባንያ ይህን ያህል የደከመለትን ቅርጽ በመጋዝ የሚቆርጥ ሰው ድምፅ ለማግኘት ሲል ጉልበቱን ይጥላል።

ጎረቤትና ጆሮ

ጩኸት በሕግም ያስጠይቃል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ይቆጥራል። በአገሪቱ የድምፅ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ አካባቢ የሚፈቀደው በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ሲሆን በንግድ አካባቢ 65 እና 55 ነው። የጆሮ ጤና ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት ስሌት ደግሞ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ የቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሞተሩን ቀኑን ሙሉ ለሥራ የሚነዳ ሰው መጀመሪያ የሚጎዳው የራሱን ጆሮ ነው።

ገዢውና ደላላው ምን ይመልከቱ?

ገዢ ከድምፁ በፊት የማርሚታውን ጫፍና ሆድ ይመርምር። አዲስ ብየዳ፣ የመሰርሰሪያ ቀዳዳ ወይም ያጠረ ጫፍ ካለ ካንዴላውን አስፈትቶ ቀለሙን ይይ። ቡናማ ከሆነ መልካም፤ ነጭ ከሆነ ሞተሩ በሙቀት ሲሠራ ቆይቷል ማለት ስለሆነ በዋጋው ላይ መደራደር ተገቢ ነው። ከተቻለም ሞተሩ በዳገት ይሞከር፤ በሜዳ ቆሞ የሚጮህ ሞተር ስለ ጉልበቱ የሚነግረው ነገር የለም።

ወፍራም ድምፅ የግድ የሚፈልግ ባለቤትም ቢሆን ሌላ ማርሚታ ገዝቶ ያስገጥምና ካርቡራተሩን በዚያው ልክ ያስተካክል እንጂ የፋብሪካውን አይብሳ። ያ ማርሚታ እንደ ሊብሬው ሁሉ ከሞተሩ ጋር መቀመጥ ያለበት ንብረት ነው። በሽያጭ ቀን ሻጩ ከመጋዘን አውጥቶ ቢያሳይ ገዢው የሚጠረጥረው ነገር አይኖርም።