ገዢን የሚያሸሽ እድሳት

አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱን ሊሸጥ ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ ከደላላው ቀድሞ የሚጠራው ቀለም ቀቢ ነው። ግድግዳው ይቀባል፣ ሴራሚኩ ይቀየራል፣ የሳሎኑ ኮርኒስ በጂፕሰም ይዋባል። ገዢ ግን የደበዘዘ ቀለም አይቶ ተመልሶ አይሄድም፤ በጥቂት ቀን የሚታደስ መሆኑን ስለሚያውቅ ቢበዛ ዋጋ ማስቀነሻ ያደርገዋል። የሚያሸሹት ሁለት ዓይነት ለውጦች ናቸው፦ አፍርሶ ወደነበረበት ለመመለስ ከባድ ወጪ የሚጠይቁና ውስጣቸው ምን እንዳለ የማይታወቅ። ሁለቱም ደግሞ በአብዛኛው ቤት የሚገቡት በእድሳት ስም ነው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተስፋፉት ኮንዶሚኒየሞች የመጀመሪያውን ዓይነት በቀላሉ ማየት ይቻላል። ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ ቤት ስለሚጠብ፣ በረንዳውን በአልሙኒየምና በመስታወት ዘግቶ ለልጅ ወይም ለሠራተኛ መኝታ ማድረግ የተለመደ ነው። ባለቤቱ አንድ ክፍል አተረፈ። የማዕድ ቤቱ መስኮት ወደ በረንዳው የሚከፈት ከሆነ ግን ሽንኩርት ሲቁላላ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና አዲሱ መኝታ ላይ ያርፋል። የታጠበ ልብስ ሳሎን ውስጥ ይሰጣል፣ ለቡና ከሰል የሚያያዝበት ቦታም አይኖርም። ቤቱን ሊያይ የመጣ ቤተሰብ በጠራራ ፀሐይ ሳሎኑ ውስጥ መብራት በርቶ ሲያገኝ ዓይኑ የሚያርፈው በተጨመረው ክፍል ላይ ሳይሆን በጠፋው ብርሃን ላይ ነው። በዚያ ላይ ሕንፃው የጋራ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግሉን ቤት ከጋራ መጠቀሚያው ለይቶ ስለሚያስቀምጥ፣ የሕንፃውን ገጽታ የሚለውጥ ሥራ ጎረቤትንና የነዋሪዎችን ማኅበር ይነካል። ገዢው እሱ ያልጀመረውን ጭቅጭቅ ከቁልፉ ጋር ይረከባል ማለት ነው።

ባለ ግቢ ቤት ላይ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ለኪራይ ተብሎ ከአጥር እስከ አጥር የተደረደረ ሰርቪስ ቤት ለባለቤቱ የወር ገቢ ነው፤ በዚህ የሚፈርድበት የለም። ልጆቹን ግቢ ውስጥ ሊያጫውት የሚፈልግ ገዢ ግን መኪና የማያዞር ግቢ፣ መስኮቱ በብሎኬት የተጋረደ ዋና ቤትና ለአንድ ቤተሰብ ታስቦ ተቆፍሮ አሁን ለብዙ ተከራይ የሚያገለግል ሴፕቲክ ታንክ ነው የሚያገኘው። የታንኩ ክዳን አዲስ በተሠራ ክፍል ወለል ሥር ከዋለ፣ ሲሞላ ማስመጠጡ ራሱ ፈተና ይሆናል። ለኪራይ ብሎ የሚገዛ ሰው ሰርቪሱን ይወደዋል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን እሱም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው ወረቀት ነው። በአገራችን መሬት ስለማይሸጥ ገዢው የሚገዛው ቤቱንና በቦታው ላይ ያለውን የመጠቀም መብት ነው። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ለአዲስ ግንባታ ብቻ ሳይሆን ነባሩን ለመለወጥም ፈቃድ እንዲወሰድ ደንግጓል። ካርታውና ፕላኑ የሚያሳዩት ሌላ፣ ግቢው ውስጥ የቆመው ሌላ ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ የተጨመረው ክፍል ዋጋ የሚጨምር መሆኑ ይቀርና የነገ የ«አፍርስ» ማስጠንቀቂያ ስጋት ይሆናል።

ሁለተኛው ዓይነት፣ የተሸፈነው ችግር፣ ከዚህም የባሰ ነው። ከላይኛው ፎቅ ሻወር ውሃ የሚንጠባጠብበት ኮርኒስ በጂፕሰም ተሸፍኖ ሲቀባ ለጊዜው ያምራል። ልምድ ያለው ገዢ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ጥግ ጥጉን ያያል፤ ከሌላው ትንሽ ነጣ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ቢጫ ክብ ብቅ ያለበት ቦታ ካገኘ እጁን ዘርግቶ ይጫነዋል። ጂፕሰሙ እርጥበት ይዞ ከለሰለሰ ነገሩ አለቀ። ቧንቧ ለማስጠገን የሚወጣው ገንዘብ ከቤቱ ዋጋ አንጻር ኢምንት ሊሆን ይችላል፤ ገዢው የሚያስበው ግን «ይህን የደበቀ ሌላስ ምን ደብቋል?» ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ የኤሌክትሪክ መስመሩንም፣ የጣሪያውን ቆርቆሮም፣ የባለቤቱን ቃልም ይጠራጠራል።

ሁለት መከራከሪያዎች ይነሳሉ። አንደኛው፣ ቤት በጠፋበት ከተማ ምንም ቢሆን ገዢ አይጠፋም የሚል ነው። አይጠፋም፤ ጥያቄው በስንት ይገዛል የሚለው ነው። ማፍረሻውን፣ ፍርስራሽ ማስጫኛውን፣ መልሶ መሥሪያውንና የፈቃዱን ጣጣ ገዢው በልቡ ደምሮ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል፤ ስጋት ስላለበትም አብዝቶ ነው የሚቀንሰው። ሻጩ ለለውጡ አንድ ጊዜ ከፍሏል፣ ሲሸጥ ደግሞ ሁለተኛ ይከፍላል። ሁለተኛው መከራከሪያ የበለጠ ክብደት አለው፦ ቤት የሚሠራው ሊኖሩበት እንጂ ሊሸጡት አይደለም፣ ላልታወቀ ገዢ ተብሎ በጠባብ ቤት መታፈን የለብንም የሚል ነው። ልክ ነው። ነገር ግን የሚኖሩበትን ቤት ለራስ ማመቻቸትና የቀጣዩን ሰው ምርጫ መዝጋት አንድ አይደሉም። ሳሎኑን በቁም ሣጥን ወይም በመጋረጃ ከፍሎ ለልጅ መኝታ ማበጀት ይቻላል፤ ሲወጡ ይነሳል። ግድግዳ መትቶ ማዕድ ቤቱን መኝታ ማድረግ ግን ቧንቧውንም፣ ጭስ መውጫውንም፣ የቤቱን አሠራርም አብሮ ይለውጣል።

ስለዚህ ግንበኛ ከመጠራቱ በፊት የሚጠየቀው «ያምራል ወይ?» ብቻ መሆን የለበትም። ሌላ ሰው ሊያነሳው ቢፈልግ ምን ያህል ያስወጣዋል? ፈቃዱ በእጅ አለ? የሚሸፈነው ቧንቧና ሽቦ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ ተነስቷል? እነዚህን መመለስ የቻለ ባለቤት በረንዳውንም ሊዘጋ፣ ሰርቪስም ሊሠራ ይችላል፤ ገዢ ሲመጣ የሚያሳየው ማስረጃ አለውና። ሊሸጥ የተቃረበ ደግሞ ለጂፕሰምና ለሴራሚክ ያሰበውን ገንዘብ የሚያፈሰውን ቧንቧ ለማሠራትና ወረቀቱን ለማስተካከል ቢያውለው ይሻለዋል። ቀለሙን ገዢው እንደወደደው ይቀባዋል።