የህንድ ቁራና የወፍ ጠመንጃ በጅቡቲ ከተማ

ጅቡቲ ከተማን የሚጐበኝ ሰው በወደቡ፥ በገበያውና በቆሻሻ መጣያው ዙሪያ አንገቱ ግራጫ፥ ሌላው አካላቱ ጥቁር የሆነ ቁራ ያያል። ይህ ወፍ የአገሩ ተወላጅ አይደለም። የትውልድ አገሩ ህንድና ጐረቤቶቿ ሲሆኑ፥ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የደረሰው አንዳንዴ በመርከብ ተሳፍሮ፥ አንዳንዴም በሰው እጅ ነው። ዛንዚባር የገባው በ1890ዎቹ ዓመታት በአውሮጳ አቆጣጠር፥ ቆሻሻ ይጠርግልናል ተብሎ ታስቦ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ጠራጊ ይሆናል የተባለው ወፍ ግን ጫጩት ነጣቂ፥ ዕንቁላል ሰባሪ፥ ፍሬ አበላሺ ሆኖ ተገኘ። የአገሩን ወፎች ጐጆም ያፈርሳል።

በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ዳር አትክልትና ቴምር ለሚያለማ ሰው፥ በግቢው ዶሮ ለሚያረባም ቤተ ሰብ፥ ይህ ጉዳት ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በዚህ ወደብ የሚያልፍ በመሆኑ፥ በመርከብ የመጣ ወፍ ነገ በጭነት መኪናና በባቡር መሥመር ተከትሎ ወደ ደጋው አገር ሊዘልቅ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

መድኀኒቱ ምንድር ነው ቢባል፥ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ጠመንጃን ነው። በሆላንድ አገር ሁክ ፋን ሆላንድ በተባለ የወደብ ሠፈር በ1994 በመርከብ የደረሱ ቁራዎች ተዋልደው ስለ ነበር፥ ከ2014 ጀምሮ በተኳሾች እንዲጠፉ ተደርጓል። ይህ የሆነው ግን ቁጥራቸው ገና ጥቂት ሳለ፥ በመንግሥት ትእዛዝና በሠለጠኑ ሰዎች እጅ ነው። ሕዝብ በተጨናነቀበት ከተማ ማንም እንደ ፈለገ ቢተኵስ፥ ከቁራው ይልቅ የሚጐዳው ጐረቤት ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ የተሰጠው ሰው አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡትን ነገሮች ቀጥለን እንገልጻለን።

አንደኛ፥ ጥይቱ ለጠመንጃው የተሠራ መሆን አለበት። የወፍ ጠመንጃ የሚጠራው በቁጥር ነው። ቁጥር 12 ማለት በአፈሙዙ ልክ የተሠራ ድቡልቡል እርሳስ 12ቱ አንድ ፓውንድ ይመዝናል ማለት ነው፤ በመሆኑም ቁጥር 20 ከቁጥር 12 ይጠባል። እጅግ አደገኛ የሆነው ስሕተት ሁለቱን ማደባለቅ ነው። ቁጥር 20 ጥይት በቁጥር 12 ጠመንጃ ውስጥ ቢገባ፥ ወደ ፊት ሾልኮ ከመካከል ይቀረቀራል። ተኳሹ ባዶ መስሎት ሁለተኛ ጥይት አጕርሶ ቢተኵስ፥ ብረቱ ፈንድቶ እጁን ወይም ዓይኑን ሊያጠፋ ይችላል። ፋብሪካዎች የቁጥር 20ን ቀለህ ብጫ የሚያደርጉት ይህን አደጋ ለመከላከል ነው። ሁለቱን ዓይነት ጥይት በአንድ ኪስ መያዝ ፈጽሞ አይገባም።

የጥይቱም ርዝመት ይታያል። በጥይቱ ላይ የተጻፈው ልክ ቀለሁ ከተተኰሰ በኋላ የሚኖረው ርዝመት ነው። ስለዚህ 76 ሚሊሜትር የሆነው ጥይት 70 ሚሊሜትር ተብሎ በተሠራው ጠመንጃ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ሲተኰስ ግን አፉ የሚከፈትበት ስፍራ ስለሚያጣ የባሩዱ ግፊት ከልክ በላይ ያድጋል። መግባቱ ብቻ ልክ መሆኑን አያስረዳም፤ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፥ የፍሬው ውፍረት እንደ ሥራው ይመረጣል። የፍሬው ቁጥር በየአገሩ ስለሚለያይ በሚሊሜትር የተጻፈውን ማየት ይሻላል። ለቁራ ከ2.4 እስከ 2.8 ሚሊሜትር የሆነ የእርሳስ ፍሬ ይበቃል፤ የሚገድለውም እስከ 35 ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን ፍሬው በዚያ አይቆምም። ዡርኔ የተባለ የፈረንሳይ መኰንን ባስተማረው ስሌት፥ የፍሬውን ውፍረት በሚሊሜትር በ80 ብናባዛ ፍሬው ሊደርስ የሚችልበትን ርቀት በሜትር እናገኛለን። ባለ 2.5 ሚሊሜትሩ 200 ሜትር ያህል፥ ለትልቅ አውሬ የሚሠራው ባለ 8.4 ሚሊሜትር ደግሞ 670 ሜትር ያህል ይሄዳል። በከተማ ውስጥ ወፍራሙን ፍሬ መምረጥ ጕብዝና ሳይሆን ጥፋት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛ፥ ፍሬው ከምን እንደ ተሠራ ይታሰባል። ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ ወደ ሎያዳ የሚዘልቀው የሐራሙስ ረግረግ፥ ፍላሚንጎና ሌሎች የውሃ ወፎች የሚያርፉበት በመሆኑ በ2002 በራምሳር ውል ተመዝግቧል። የውሃ ወፎች ለምግብ መፍጫ ጠጠር ሲለቅሙ የወደቀውን እርሳስ ይውጣሉ፤ እርሳሱም በሆዳቸው ተፈጭቶ ይመርዛቸዋል። በ1995 የተደረገው የአፍሪካና የአውሮጳ እስያ የውሃ ወፎች ስምምነት በረግረግ ስፍራ የእርሳስ ፍሬ እንዲቀር አሳስቧል፤ ጅቡቲና ኢትዮጵያም አባሎቹ ናቸው። የአውሮጳ ኅብረት ከየካቲት 2023 ጀምሮ በረግረግ ስፍራ ከልክሎታል። በእርሳስ ፈንታ የብረት ፍሬ ይገኛል። ብረት ከእርሳስ ስለሚቀል ወፈር ያለው ይመረጣል፤ ጠንካራም ስለሆነ አሮጌና አፈሙዙ የጠበበ ጠመንጃን ይጐዳል፤ ድንጋይና ሲሚንቶ ሲመታም ነጥሮ ይመለሳል። ስለዚህ ከግንብ አጠገብ በብረት ፍሬ መተኰስ አያስፈልግም።

አያያዙን በሚመለከት እነዚህን ማክበር ግዴታ ነው። ጠመንጃ ሁሉ ጐርሷል ተብሎ ይያዛል። አፈሙዙ ወደ ሰው አይዞርም። ጣት ወደ ምላጩ የሚሄደው ዒላማው ከተለየና ከዒላማው ኋላ ያለው ከታወቀ በኋላ ብቻ ነው። አጥር ሲዘለልና መኪና ሲገባ ጥይቱ ይወጣል። አሸዋ በበዛበት በዚህ አገር ከማጕረስ በፊት የብረቱን ውስጥ ማየት ይገባል። ጥይቱ ቢከሽፍ አፈሙዙን ወደማያሰጋ አቅጣጫ እንደያዙ ጥቂት መቈየት ነው እንጂ ወዲያው መክፈት አይገባም። በቤት ውስጥ ጠመንጃና ጥይት ተለያይተው ይቈለፋሉ። ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በኢትዮጵያም በ2020 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል።

በመጨረሻም፥ ቁራ ብልህ ወፍ ነው፤ ጠመንጃ የያዘውን ሰው ለይቶ ያውቃል፥ ሲያየውም ይሸሻል። ቆሻሻው ሳይሸፈን፥ የዓሣና የሥጋ ትርፍራፊ ሳይቀበር፥ የዶሮው ቤት በሽቦ ሳይከለል፥ ጐጆው በጊዜ ሳይፈርስ በጥይት ብቻ የሚጠፋ አይደለም። ሹማምንት የቆሻሻውን ነገር፥ ባለ አትክልቶችም የግቢያቸውን ነገር አስቀድመው ቢያስተካክሉ፥ ተኳሹ የሚተኵሰው ጥቂት ይሆናል፤ ከጥቂቱም ጥይት የሚመጣው አደጋ ያንሳል።