ሜሹ የት ይቀመጥ?

በቀዶ ሕክምና የተከፈተ ሆድ በደህና ተሰፍቶ ቁስሉም ድኖ፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ጠባሳው ላይ እብጠት ብቅ ይላል። ሲያስሉ ይገፋል፣ ጋደም ሲሉ ይገባል። ሐኪሞች የጠባሳ ሄርኒያ ይሉታል፤ የሆድን ግድግዳ የያዘው ጠንካራ ሽፋን ተከፍቶ አንጀት ወይም ሞራ በክፍተቱ እየወጣ ነው።

ክፍተቱን በክር ብቻ መልሶ መስፋት ለረጅም ጊዜ የተለመደ ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ፍራንሲስ አሸር በ1950ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከፕላስቲክ ክር የተሠራ መረብ፣ ማለትም ሜሽ፣ አስተዋወቀ። ክርና ሜሽ ሲነጻጸሩ የቱ እንደሚሻል ግን በደንብ የለየው አንድ የኔዘርላንድስ ጥናት ነው። ታካሚዎቹን ለዓመታት ተከታትሎ በ2004 ባወጣው ውጤት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ በክር ብቻ ከተጠገኑት 63 በመቶ፣ ሜሽ ከገባላቸው ደግሞ 32 በመቶ ሄርኒያው አገርሽቶባቸዋል። ሜሽ አሸነፈ። ቢሆንም ከሦስቱ በአንዱ ላይ ማገርሸቱ ማንንም የሚያስፎክር አይደለም።

ብዙ ታካሚ «ሜሽ ገብቶልሃል» ሲባል ይበቃዋል፤ የትም ፍጪው ዱቄቱን አምጪው። እዚህ ላይ ግን የትነቱ ለውጥ ያመጣል። ቀላሉ መንገድ ሜሹን ከጡንቻው ሽፋን በላይ፣ ከቆዳና ከስብ ሥር ማንጠፍ ነው። ለዚህ ቆዳውን ሰፋ አድርጎ መግለጥ ያስፈልጋል፤ በተገለጠው ቦታ ውሃ ይቋጠራል፣ ቁስሉ ካመረቀዘም መጀመሪያ የሚነካው ሜሹ ነው። ሜሹን በቀዳዳው ልክ ቆርጦ ጠርዝ ለጠርዝ መስፋት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ የሚደራረብ ጠርዝ ስለሌለው ከስፌቱ ይላቀቃል።

ፈረንሳዮቹ ዣን ሪቭና ሬኔ ስቶፓ ያስፋፉት ስልት ጥልቅ ነው። ሐኪሙ ከእምብርት ግራና ቀኝ የሚወርደውን ጡንቻ ከኋላ ሽፋኑ በቀስታ ይለያል። ወደ ጎን ሲገፋ ጡንቻውን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች በተርታ ከሚገቡበት መስመር ይደርሳል፤ እነሱን ከቆረጠ ሄርኒያውን ጠግኖ ጡንቻውን ገደለ ማለት ነውና እዚያው ይቆማል። የኋላውን ሽፋን ሰፍቶ፣ ሜሹን ዘርግቶ፣ ጡንቻውን ከላይ ይመልሳል። አንጀቱ ሜሹን አይነካውም፤ ከውስጥ የሚመጣው ግፊትም ሜሹን ወደ ጡንቻው ያጣብቀዋል እንጂ አይገነጥለውም። ለሰፋፊ ሄርኒያ ቦታው ሲጠብ፣ ዩሪ ኖቪትስኪ በ2012 ባሳተመው ዘዴ ጥልቁን የጎን ጡንቻ በመልቀቅ ወደ ጎን መዝለቅ ይቻላል።

አራተኛው መንገድ በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትናንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ ካሜራና መሣሪያ፣ ገብቶ ሜሹን ከሆድ ውስጠኛው ገጽ ላይ መለጠፍ ነው። ቁስሉ ትንሽ፣ ማገገሙ ፈጣን ነው። ሆኖም ሜሹ ከአንጀት ጋር ፊት ለፊት ስለሚሆን እንዳይጣበቅ የሚከላከል ልባጭ ይጠይቃል፤ ልባጩም ሁልጊዜ አይታመንም። ለዚሁ ዓይነት ጥገና የተሠራውን ፊዚዮሜሽ፣ የጀርመንና የዴንማርክ የሄርኒያ ሕክምና መዝገቦች ብዙ ማገርሸት ካሳዩ በኋላ አምራቹ ኢቲኮን በ2016 ከገበያ አነሳው። በአሜሪካም ባርድ በተባለው ሌላ አምራች ሜሾች ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ክሶች ቀርበው በ2024 አብዛኞቹን ለመጨረስ ስምምነት ተደርጓል።

የእኔ ሚዛን ከጡንቻው ኋላ ወዳለው ቦታ ያጋድላል። ይሁን እንጂ በ2017 የወጣ አንድ የአውሮፓ ጥናት እንዳልቸኩል ያደርገኛል። ሄርኒያ ገና ሳይመጣ ለመከላከል ሜሽ ሲደረግ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሽፋኑ በላይ ከተደረገላቸው 13 በመቶ፣ ከሥር ከተደረገላቸው 18 በመቶ፣ በክር ብቻ ከተዘጉት ደግሞ 30 በመቶ ሄርኒያ ወጣባቸው። ያልለመደ እጅ በጥልቁ ቦታ ነርቭ ከሚቆርጥ፣ የለመደ እጅ ከላይ ቢያነጥፍ ይሻላል።

ስለዚህ ቀጠሮ የያዛችሁ ሁሉ፣ ሐኪማችሁን ሜሹ ከጡንቻው በላይ ነው ወይስ ከሥር፣ አንጀትስ ይነካል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከሆስፒታል ስትወጡም የሜሹ ዓይነት፣ ስፋትና የተቀመጠበት ንብርብር የተጻፈበትን የቀዶ ሕክምና ማስታወሻ ቅጂ ያዙ። ነገ ለሌላ ሕመም ሆዳችሁን የሚከፍት ሐኪም ያስፈልገዋል።