መሀል ባልገባ፤ የቅብብል ትምህርት ቤት

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው የቡና ምድር፣ ዝናቡ የዓመቱን አብዛኞቹን ወራት በሚወስድበት፣ ሜዳውም ሣርና ቀይ ጭቃ ሆኖ በሚከርምበት በዚህ በደቡብ ምዕራቡ አገራችን፣ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ወይም ከቡና ለቀማ ሲመለሱ የሚሰበሰቡ ልጆች፣ ለሁለት ቡድን የሚበቃው ቁጥር እስኪሞላ ድረስ ክብ ሠርተው፣ አንዱን ወይም ሁለቱን መካከል አስገብተው ኳስ የሚቀባበሉበትን፣ መሀል ባልገባ የሚባለውን ጨዋታ የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ደንቡም ቢሆን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ነው፤ ያስነጠቀ ወደ መካከል ይገባል፣ የነጠቀ ይወጣል። አራት ለአንድ፣ አምስት ለሁለት፣ ስድስት ለሁለት ይጫወቱታል፤ የጨርቅ ኳስም ይበቃዋል።

እኔ ግን መሀል ባልገባ የሚገባውን ክብር ያላገኘ ጥበብ ነው እላለሁ። በየመንደሩ ሜዳ የማያቸው ብዙ አሠልጣኞች የዘገዩ ተጫዋቾች እስኪደርሱ ድረስ ጊዜ ማሳለፊያ፣ ወይም ሰውነት ማሟሟቂያ ያደርጉትና፣ ልጆቹ ሲሳሳቁበት እነርሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ኮን ይደረድራሉ፤ በዚያች ሩብ ሰዓት ግን የቅብብል ምስጢር ሁሉ በዓይናቸው ፊት ተገልጦ ያልፋቸዋል። ተመልካቹም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ብሔራዊ ቡድናችን ኳስን ወደ ጎንና ወደ ኋላ እየተቀባበለ ወደ ግብ ሳይደርስ ሲቀር፣ «መሀል ባልገባ ተጫወቱ እኮ!» ብሎ ጨዋታውን የስድብ ምሳሌ ያደርገዋል። ይህን ፍርድ አልቀበለውም፤ ያ ቡድን የተሳሳተው መሀል ባልገባ በመጫወቱ ሳይሆን፣ መሀል ባልገባን በሥርዓቱ ባለመማሩ ነውና።

ሰው ሁሉ የሚስተው አንድ ነገር ነው። ልጆቹም፣ አሠልጣኙም፣ ተመልካቹም ዓይናቸውን በክቡ ዙሪያ ባሉት ተቀባባዮች ላይ ተክለው፣ ኳሷ በፈጠነች መጠን ቅብብሉ ያማረ ይመስላቸዋል። የጨዋታው ልብ ግን መካከል ያለው ሰው ነው። ቅብብል ኳስን ከአንድ እግር ወደ ሌላ እግር የማጓጓዝ ሥራ አይደለም፤ ተቃዋሚን ከቆመበት ስፍራ የማንቀሳቀስ፣ ይህ ወይስ ያ ብሎ እንዲመርጥ የማስገደድ፣ የመረጠውንም ምርጫ ሁሉ ስሕተት የማድረግ ጥበብ ነው። ተቃዋሚው ሳይነቃነቅ አሥር ጊዜ የተላለፈች ኳስ ምንም አልሠራችም፤ ተቃዋሚውን አንድ እርምጃ ስባ የተለቀቀች አንዲት ኳስ ግን በር ትከፍታለች።

በዚህ ነገር ላይ እንድጸና ያደረገኝ በሚዛን አማን ከተማ ያየሁት አንድ ወጣት አሠልጣኝ ነው። ዝናብ ባባራበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአሥራ አራት ዓመት የማይበልጡ ልጆችን አራት ለአንድ እያጫወተ፣ እርሱ ከክቡ ውጭ ሳይሆን ከመካከለኛው ልጅ ጀርባ ቆሞ ነበር። ኳስ የደረሰው ልጅ ሁሉ እሳት እንደነካው ወዲያው ሲለቅ አየና፣ አንዱን፣

«ጠብቀው እንጂ! ገና መች መጣብህ?» አለው።

«ይነጥቀኛላ፣ ጋሼ።»

«እርሱ ወዳንተ ካልመጣ፣ ጓደኛህ በምን ነጻ ይወጣል?»

ልጁ በሚቀጥለው ዙር ኳሷን በውስጠኛው እግሩ አቁሞ ቆየ። መካከለኛው ልጅ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ቀረበ፤ ክብደቱም በፊተኛው እግሩ ላይ ሲያርፍና መመለስ በማይችልበት ቅጽበት፣ ኳሷ ትቶት በመጣው ቀዳዳ አለፈች። ከዚያ ወዲያ ልጁ የኳስን ፍጥነት ሳይሆን የሰውን እርምጃ ሲመለከት አየሁት፤ በብዙ የተከበሩ ሜዳዎች ያላየሁትን ትምህርት በዚያ ጭቃ ላይ አየሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህ መጠበቅ በራሱ ብዙ ክፍል አለው። ተቀባዩ ሰውነቱን ግማሽ አዙሮ መቆም አለበት፤ ፊቱን ለሰጪው ብቻ የሰጠ ሰው ከሜዳው ግማሹን አያይም። ኳሷም ተቃዋሚው ወዳልቀረበበት እግር፣ ማለት ወደ ራቀው እግሩ ልትላክለት ይገባል፤ በቅርቡ እግር የተቀበለ ሰው ከግፊያው ለመሸሽ አንድ ተጨማሪ ንክኪ ያባክናል። መካከለኛው ሰው ብልህ ከሆነ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሮጥም፤ ጠምዘዝ ብሎ እየመጣ፣ ከጀርባው ያለውን አንዱን ተቀባይ በገዛ አካሉ ይጋርደዋል። ያን ጊዜ ባለኳሱ ለተጋረደው ጓደኛው በቀጥታ መስጠት አይችልምና፣ ለሦስተኛው ሰው ይሰጣል፤ ሦስተኛውም በአንድ ንክኪ ለተጋረደው ያደርስለታል። በማኅሌት ጊዜ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ዜማውን እንደሚቀባበሉ፣ እዚህም እያንዳንዱ የሚቀበለው የራሱን ድርሻ ለማሰማት ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥለው ለማዘጋጀት ጭምር ነው።

ሐሳቡ የልጆች ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የሚያስረዳው ከኛ እጅግ የራቀው የአሜሪካውያን እግር ኳስ ነው፤ ሞላላ ኳስ በእጅ የሚወረወርበት፣ ወደ ፊት መወርወርም በደንብ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1906 የሆነ ጨዋታ። በዚያ አገር አሠልጣኝ የቅብብሉን ሐሳብ አስቀድሞ በሰሌዳ ላይ ይሥላል። ለምሳሌ አንዱ ተቀባይ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ያርድ ያህል ወደ ፊት ሮጦ ወደ ወርዋሪው ይዞራል፤ ሁለተኛው በአጭሩ ወደ ሜዳው ጠርዝ ይሮጣል፤ በሁለቱ መካከል አንድ ተከላካይ ይቀራል። ኳርተርባክ የሚባለው ወርዋሪ ተቀባዮቹን እያማረጠ አይጨነቅም፤ የሚመለከተው ያን አንዱን ተከላካይ ነው። ተከላካዩ ወደ ጠርዙ ከወጣ ኳሷ ከኋላው ወደ ቆመው ትሄዳለች፣ ወደ ኋላ ከሸሸ ወደ አጭሩ ትሄዳለች። ሲያስተምሩትም ሃያ ሁለቱን ሰው በአንድ ጊዜ አያሰልፉም፤ ወርዋሪውን፣ ሁለቱን ተቀባዮችና ያን አንዱን ተከላካይ ብቻ ለይተው ይደጋግሙታል፣ አንዳንድ ጊዜም አሠልጣኙ ራሱ በተከላካዩ ስፍራ ይቆማል። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1988 ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስን አሠልጥኖ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ያደረገው ቢል ዋልሽ ስሙን ያስጠራው በእንዲህ ባለ አጭርና የተመጠነ ቅብብል ነበር። የእነርሱ ሥዕል ከሰሌዳ ወርዶ ሜዳ ላይ ሲዘረጋ፣ የሚዛኑ አሠልጣኝ ከልጁ ጀርባ ቆሞ ያስተማረው ሆኖ ይገኛል።

በገዛ አገራችንም ምስክር አይጠፋም። ስሙን ከዚህ ምድር ፍሬ የወሰደው ኢትዮጵያ ቡና በ2003 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ሲያሸንፍ አሠልጣኙ ውበቱ አባተ ነበር። ኋላም ቀድሞ ለክለቡ የተጫወተው ካሳዬ አራጌ ቡድኑን ተረክቦ፣ ግብ ጠባቂው ሳይቀር ኳስን በአጭሩ እንዲጀምር፣ ተጋጣሚ ሲቀርብም እንዳይደናገጥ ሲያስተምር፣ ከገዛ ግቡ ፊት አደጋ ይጠራል ብለው የነቀፉት ብዙዎች ነበሩ። ያ አደጋ ግን የተጋጣሚውን አጥቂዎች ወደ ላይ መሳቢያ ነበር፤ እነርሱ በወጡ መጠን ከኋላቸው ሜዳ ይከፈታልና። በ2013 ዓ.ም. ቡድኑ በሊጉ ሁለተኛ ሲወጣ፣ አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዘመን 29 ግብ ያስቆጠረው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። ውበቱም በበኩሉ ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በማላዊ ሊሎንግዌ ግብፅን 2 ለ 0 ረታ፤ ግቦቹን ያስቆጠሩት ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ናቸው። «መሀል ባልገባ» እያለ የሚያሾፍ ሰው ቢኖር፣ ያን ጨዋታ ቁጭ ብሎ እንደገና እንዲመለከት እመክረዋለሁ።

ወደ ሜዳችን ልመለስና፣ በቡናው አገር ይህን ትምህርት የሚያስተምር ሰው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ክቡን አለመጠን ማጥበብ መጥፎ ልማድ ነው፤ በረጠበ መሬት ኳሷ በአንዱ ስፍራ ትንሸራተታለች፣ ውኃ ባቆረበት ደግሞ ትቆማለች፣ ስለዚህ ለጀማሪ ልጆች አሥር እርምጃ በአሥር እርምጃ የሆነ ቦታ ይሰጣቸው፤ መሬቱ ሲደርቅና እግራቸው ሲሠለጥን ያጥብቡት። «በአንድ ንክኪ ብቻ!» የሚለውን ትእዛዝ በመጀመሪያው ቀን የሚያወጡ አሠልጣኞችን ደግሞ አጥብቄ እወቅሳለሁ፤ ልጁ ኳስ አቁሞ ሰውን መሳብ ሳይማር ማቆምን የከለከሉት፣ ቶሎ ጥሎ መገላገልን አስተማሩት እንጂ ቅብብልን አላስተማሩትም። መካከል የሚገባውንም ልጅ እንደ ተቀጣ አይተዉት፤ በየት በኩል ጠምዝዞ እንደሚመጣ፣ ማንን እንደሚጋርድ፣ መቼ ቆሞ መቼ እንደሚነሣ ለእርሱም ይንገሩት። ደካማ መካከለኛ ባለበት ክብ ዙሪያ ያሉት ሁሉ ሳይማሩ ጎበዝ ይመስላሉና፣ ከቡድኑ ብልሁን ተከላካይ አስቀድሞ መካከል ማስገባት ይጠቅማል።