ጌታን መፈለግ ወይስ ጊዜ ማሳለፍ?

አንዲት እህት ከእሑድ አምልኮ በኋላ እየሳቀች ወደ እኔ መጣች። ቦርሳዋን ከፍታ ከየኮንፍራንሱ የሰበሰበቻቸውን የአንገት ባጆች አሳየችኝ። ሰባት ነበሩ። «እኔ እኮ ያልሄድኩበት የለም! ማክሰኞ የፈውስ ፕሮግራም፣ ሐሙስ የትንቢት፣ ዓርብ የአዳር ጸሎት፤ ቅዳሜ ደግሞ ጓደኞቼ የሚጠሩኝ አዲስ ቦታ አይጠፋም። ሌላው ሲኒማ ይገባል፣ እኔ በጌታ ቤት እዝናናለሁ» አለችኝ። አብሬያት ሳቅሁ። ደስ የምትል፣ ተጫዋች ሴት ናት።

በዚያው ሳምንት ባለቤቷ ቤታችን መጣ። የቀረበለት ሻይ ሳይጠጣው ቀዘቀዘ። «ሚስቴ ክፉ ቦታ አትሄድም። ስለዚህ ለማን አቤት እላለሁ?» አለ። «ግን እኔና ልጆቹ ብቻችንን ራት መብላት ለምደናል። ባለፈው ትንሿ ልጃችን ‹አባዬ፣ እማዬ ጌታን ስታገኘው ቤት ትቀመጣለች?› ብላ ጠየቀችኝ።»

ውድ አንባቢያን፣ የዚያች ሕፃን ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣም። የሚፈልግ ሰው የሚያገኝበት ቀን ሊኖረው ይገባል። ቁልፍ የጠፋበት ሰው ቤቱን ያተራምሳል፤ ሲያገኘው ግን በሩን ከፍቶ ይገባል እንጂ ፍለጋው ጣፈጠኝ ብሎ አይቀጥልም። በዘመናችን ግን ፍለጋው ራሱ የጣፈጠን ብዙዎች ነን። «ነን» ያልኩት አውቄ ነው። የራሴንም ታሪክ ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

«ለጨዋታ ነው»

መንፈሳዊውን ነገር እንደ መዝናኛ መያዝ በእኛ አልተጀመረም። ሐዋርያው ጳውሎስ አቴና በደረሰ ጊዜ የከተማዪቱ ሰዎች ቀናቸውን የሚያሳልፉት አዲስ ወሬና አዲስ ትምህርት በማሳደድ እንደ ነበር ሉቃስ ጽፎልናል (ሐዋ. 17፥21)። ጳውሎስን ወደ አርዮስፋጎስ የወሰዱት ትምህርቱ ለጆሮአቸው አዲስ ስለሆነ ነው። ስለ ሙታን ትንሣኤ ሲናገር ግን አንዳንዶቹ አፌዙበት፤ ሌሎቹ በትሕትና ለሌላ ቀን ቀጠሩት። ተጠግተው ያመኑት ጥቂቶች ናቸው። መስማት የወደደ ሁሉ መታዘዝ አልወደደም።

በአገራችንም ይህ ልማድ ሥር አለው። «አውደ ነገሥት» የሚባለው መጽሐፍ ዛሬም በየመንገዱ ይሸጣል። የሰውን ስምና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ደምረው በ12 ሲገድፉት የሚተርፈው ቁጥር «ኮከብህ ይህ ነው» ይላቸዋል። ስንት እጮኛሞች ናቸው ቡና እየጠጡ «እስቲ ኮከባችን ይገጥም እንደሆነ እንየው፣ ለጨዋታ ነው» ያሉት? በ1990ዎቹ በየጋዜጣውና በየመጽሔቱ የኮከብ ዓምድ ይወጣ ነበር። በቁም ነገር የሚያምን ጥቂት ነው፤ ሳያነብ የሚያልፍ ግን አልነበረም።

እኛ ወንጌላውያን አማኞች ኮከብ አናስቆጥርም፤ ይህን ስናይም እናዝናለን። ነገር ግን ያው ልብ ሌላ ልብስ ለብሶ ወደ እኛም ይገባል። ዛሬ ስልካችንን ከፍተን ከአንዱ አገልጋይ ወደ ሌላው በጣታችን እናልፋለን። አንዱ ስለ በረከት ሲናገር እናዳምጣለን። ለንስሐ ሲጠራን ግን ጣታችን ይፈጥናል። «ነቢዩ ምን አለሽ?» ብለን እንጠያየቃለን፤ «የተባልሽውን ምን አደረግሽው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ሐዋርያው ሁልጊዜ እየተማሩ እውነትን ወደ ማወቅ ስለማይደርሱ ሰዎች ጢሞቴዎስን ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው (2 ጢሞ. 3፥7)።

በራቤል የተጠየቅሁት

በ1999 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ነበር። ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመርቄ፣ ካገባሁም ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ራቤል የሚኖሩ ባልና ሚስትን ሊጎበኝ ሲነሣ አብሬው ሄድኩ። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ጣርማ በር ላይ ዋናውን መንገድ ትተን ወደ መንዝ ተገነጠልን፤ በመሐል ሜዳ በኩል አድርገን፣ የጓሳን ደጋ አልፈን ጊሼ ራቤል ደረስን። የመንዝ ብርድ አጥንት ይገባል። ባለቤቶቹ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና አለበሱን፤ ገብስ ቆሎና ትኩስ ሻይ ቀረበልን።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአገር አቀፍ ደረጃ ፕሮቴስታንት የሆነው ሕዝብ 18.6 በመቶ ሲሆን፣ በአማራ ክልል ግን 0.2 በመቶ ብቻ ነበር። እነዚህ ባልና ሚስት ዛሬ ይህን ቤት፣ ነገ ያኛውን የሚሉበት ምርጫ አልነበራቸውም። የነበራቸው አንድ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ጥቂት የመዝሙር ካሴትና ማታ ማታ በፋኖስ ብርሃን አብረው የሚያነቡት ምዕራፍ ነው። ክረምቱን በሙሉ የማርቆስን ወንጌል ሲያነቡ ከርመዋል።

ባለቤቴ «እስከ አሁን ጨርሳችሁታላ?» አላቸው። ሁለቱም ተያይተው ሳቁ። ምዕራፍ 11 ላይ ጌታ ለጸሎት ስንቆም ይቅር እንድንል ያዘዘበት ቦታ ሲደርሱ ቆመው ኖሯል። ባልየው የመንዝ ልጅ ነው፤ ከታናሽ ወንድሙ ጋር በመሬት ተጣልተው ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም። ሚስቱ «ታዲያ ይህን አልፈን ወደ 12 እንዴት እንሻገራለን?» አለችው። ወንድሙ ቤት በእግሩ ሄዶ እስኪታረቅ ድረስ አልተሻገሩም። ሁለት ወር ፈጀባቸው።

እኔ ደግሞ በሻንጣዬ አምስት ደብተር ይዤ ነበር። በኮሌጅ፣ በኮንፍራንስና በየአዳር ጸሎቱ የጻፍኳቸው ስብከቶችና የተነገሩኝ የትንቢት ቃሎች ናቸው። የአገልጋይ ሚስት ነኝና ለማካፈል አስቤ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ለመታየትም ጭምር ነበር። የቤቷ እመቤት በዕድሜ ትበልጠኛለች። ደብተሮቹን ስታይ ዓይኗ በራ። «እህቴ፣ ይህን ሁሉ ጌታ ሰጥቶሽ? ሁሉን ልገለብጥ አልችልም፤ ነገም ትሄዳላችሁ። አንድ ብቻ ምረጪልኝ፤ አንቺ የኖርሽበትን፣ ቤትሽን የለወጠውን» አለችኝ።

ያን ሌሊት ሁሉም ከተኙ በኋላ ፋኖሱን ቀንሼ አምስቱንም ደብተር አገላበጥኩ። ያማሩ ርእሶች ነበሩ፤ ከሥራቸው ሁለት ጊዜ ያሰመርኩባቸው ቃሎች ነበሩ። «ይህን ኖሬበታለሁ» ብዬ ልሰጣት የምችለው አንድ ገጽ ግን አጣሁ። ስለ ትዕግሥት የተሰበከውን በጻፍኩ ማግስት ባለቤቴን እንዴት እንደ ተናገርኩት ትዝ አለኝ። ጠዋት ላይ አፍሬ ነገርኳት። አልነቀፈችኝም። «እንግዲያው አብረን እንጀምራለና» ብላ እጄን ያዘች።

ጓሳ የሚዘጋው ለምንድን ነው?

ስንመለስ ባልየው እስከ ጓሳ ድረስ ሸኘን። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። መንዞች በጓሳ ሣር ቤት ይከድኑበታል፣ ገመድ ይገምዱበታል፣ እረኞቹ ለዝናብ የሚለብሱትን ገሳ ይሠሩበታል። ሰውየው የነገረን ግን ስለ አጠባበቁ ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ልጆች «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ቦታውን ይጠብቁ ነበር። ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ያህል ይዘጋል፤ ማንም አያጭድም፣ ከብትም አይገባም። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ሁሉም በአንድነት ያጭዳል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ምክንያት ቢቋረጥም፣ ሕዝቡ በኋላ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሏል።

«በየቀኑ እየገቡ ቢቀነጥቡት ኖሮ ዛሬ መሬቱ ባዶ ነበር» አለን። እኔ ዝም ብዬ መስኮት መስኮቱን አየሁ። የእኔ ልብ በየቀኑ የሚቀነጠብ መስክ ነበር። ቃሉ ተዘርቶ እስኪበቅል ዘግቼ የጠበቅሁበት ዘመን አልነበረም።

ሄሮድስና ጃንደረባው

መጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ዓይነት ፈላጊ ያሳየናል። አንዱ ሄሮድስ ነው። ኢየሱስን ለማየት ብዙ ጊዜ ይመኝ ነበር፤ ባየውም ጊዜ እጅግ ደስ አለው፤ ተአምር ሲያደርግ ለማየት ተስፋ አድርጎ ብዙ ጥያቄ ጠየቀው። ጌታ ግን አንድም ቃል አልመለሰለትም (ሉቃ. 23፥8-9)። ሄሮድስ ተመልካች እንጂ ደቀ መዝሙር ሊሆን አልመጣም። ደስታው ወደ ንቀት ተለወጠ።

ሌላው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ነው (ሐዋ. 8፥27-39)። እርሱም ረጅም መንገድ ሄዷል፤ ኢየሩሳሌም ድረስ ተጉዞ ሰግዷል። ሲመለስ በሠረገላው የያዘው አንድ መጽሐፍ ነው። ያልገባውን አልገባኝም አለ፤ ፊልጶስን ጠየቀ፤ ሲመለስለት ደግሞ ቀጣይ ፕሮግራም አልፈለገም። ውኃ ባየበት ስፍራ ሠረገላውን አስቁሞ ተጠመቀ። ከዚያ ፊልጶስ ከዓይኑ ተሰወረ። ጃንደረባው ግን አገልጋዩን ፍለጋ ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ደስ እያለው ወደ አገሩ መንገዱን ቀጠለ። ደስታ በእምነት ነውር አይደለም! ጃንደረባው ደስ የተሰኘው ግን ስላገኘና ስለታዘዘ ነው።

በአገራችን የወንጌል ታሪክም ይህን እናያለን። በ1950ዎቹ አጋማሽ በናዝሬት (አዳማ) የነበሩ ጥቂት ተማሪዎች እንግሊዝኛቸውን ለማሻሻል ወደ ሜኖናይት ሚስዮናውያን ሄዱ። የተማሩበት መጽሐፍ የዮሐንስ ወንጌል ነበር። አመጣጣቸው ቋንቋ ለመማር ነው፤ ነገር ግን የሚያነቡት ቃል ሲጠራቸው እሺ አሉ። ከእነርሱም «የሰማይ ብርሃን» በመባል የታወቀው እንቅስቃሴ ተነሣ፤ ኋላም የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አካል ሆነ። ያቺ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ ምእመናኗ 5,000 ያህል ነበሩ። መድረክ አልነበረም፤ መሪዎች ታስረው ነበር፤ አማኞች በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ ቃሉን ያጠኑና ይጸልዩ ነበር። በ1983 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት ከ34,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ተዘግቶ የተጠበቀ መስክ እንዲህ ያበቅላል።

በትዳራችን ምን እናድርግ?

ኮንፍራንስ አትሂዱ፣ አትደሰቱ ማለቴ አይደለም። እኔም እሄዳለሁ። ለባለትዳሮች ግን ጥቂት ነገር ልምከር።

አንደኛ፣ ከሄዳችሁበት ስትመለሱ ለትዳር ጓደኛችሁ የሰማችሁትን ብቻ ሳይሆን በዚህ ሳምንት የምትታዘዙትን አንድ ነገር ንገሩ። ባልም ሚስትም በሳምንቱ መጨረሻ ይጠያየቁ።

ሁለተኛ፣ አንድ አጥቢያ ይኑራችሁ። ድካማችሁን የሚያውቅ መጋቢ፣ ስትቀሩ የሚፈልጋችሁ ኅብረት ያስፈልጋችኋል። በየቦታው እንግዳ የሆነን ሰው ማን ይገሥጸዋል?

ሦስተኛ፣ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል መርጣችሁ አብራችሁ ቆዩበት። ቃሉ ወደ ወንድማችሁ ቤት የሚልካችሁ ከሆነ ሳትሄዱ ገጹን አትግለጡ።

አራተኛ፣ ባሎች ሆይ፣ ሚስቶቻችሁ ከቤት ሲርቁ መውቀስ ቀላል ነው። በቤት ውስጥ ጸሎት የሚመራ ከጠፋ ግን የተጠማ ሰው ውኃ ፍለጋ መውጣቱ አይቀርም። ያ ሻዩ የቀዘቀዘበት ወንድም ባለቤቴ «ከሚስትህ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የጸለያችሁት መቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው አንገቱን ደፋ።

ሁሉ ነገር ተስተካክሏል አልላችሁም። ያቺ እህት ዛሬም ትስቃለች፣ ዛሬም አንዳንድ ቅዳሜ ትጠፋለች። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ግን ቤቷ ናት። ባሏ እየተንተባተበ ያነባል፤ ልጆቹ ይጠይቃሉ። የማርቆስን ወንጌል ጀምረው ጌታ ሕፃናትን ያቀፈበት ምዕራፍ 10 ላይ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። «ለምን አታልፉም?» ብላት «ትንሿ ገና አላሳለፈችንም» አለችኝ። ባጆቹን ልጅቷ ለአሻንጉሊቶቿ አጥልቃቸዋለች።

በፍጹም ልባቸው የሚሹት እንደሚያገኙት እግዚአብሔር በኤርምያስ በኩል ተስፋ ሰጥቷል (ኤር. 29፥13)። ያገኘነውን ጌታ በቤታችን እንድንኖርለት እርሱ ይርዳን። አሜን።