ሞተራቸው የተለወጠ ነባር አውቶሞቢሎች ለምን ከልክ በላይ ይሞቃሉ?

በአገራችን መንገዶች ላይ ዕድሜ ጠገብ አውቶሞቢሎች ዛሬም ያገለግላሉ። «ዲኤክስ» በሚል ስያሜ የሚታወቀው ቶዮታ ኮሮላ ለዚህ አብነት ነው። በካርቡራተር የሚሠራው ባለ 1.3 ሊትር ሞተሩ ሲያረጅ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ ያለው ባለ 1.6 ሊትር ሞተር የሚያስገቡለት ባለንብረቶች አሉ። አዲሱ ሞተር ጉልበት ይጨምራል፤ የሚያመነጨው ሙቀትም አብሮ ይጨምራል። ራዲያተሩ፣ ቬንትሌተሩና የዳሽቦርዱ ሙቀት መለኪያ ግን ብዙውን ጊዜ የቀድሞዎቹ ናቸው። ስለሆነም ጉድለቱ በቅድሚያ መፈለግ ያለበት አዲሱ ሞተርና ነባሩ መኪና በተገናኙበት ቦታ ነው።

ከማናቸውም ምርመራ በፊት አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ ሞተሩ ጋለ እያለ የራዲያተር ክዳን ፈጽሞ አይከፈትም። በግፊት ታፍኖ የቆየው ውሃ ክዳኑ በተከፈተበት ቅጽበት ወደ እንፋሎት እየተለወጠ ስለሚፈነዳ ፊትንና እጅን ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም የአልሙኒየም ቴስታታን ሊያጣምም ወይም ሊሰነጥቅ ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቬንትሌተር ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በድንገት ሊነሳ ስለሚችል እጅን ማራቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የሚጠየቀው ሞተሩ በእርግጥ ሞቋል ወይ የሚለው ነው። የነባሩ መኪና መለኪያ የተሠራው ለራሱ ሴንሰር ነው፤ ከሌላ ሞተር ሴንሰር ጋር ሲገናኝ ትክክለኛውን ሙቀት ላያሳይ ይችላል። ጋራዡ በምርመራ መሣሪያ የሞተሩን ኮምፒውተር አንብቦ ወይም በጨረር ቴርሞሜትር ለክቶ ማነጻጸር ይኖርበታል።

መለኪያው ትክክል ሆኖ ውሃው እየፈላ ከወጣ ከፍታ ግምት ውስጥ ይገባል። በአዲስ አበባ ከፍታ ንጹህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ዘመናዊ ሞተሮች ደግሞ በጤናማ ሁኔታቸው 90 ዲግሪና ከዚያ በላይ እየሞቁ ይሠራሉ። በመካከሉ ያለውን ክፍተት የሚሸፍነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን በአዲስ አበባ የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ጤነኛ ሞተር እንኳ ውሃ ያፈላል። ክዳን ርካሽ ዕቃ ነው፤ ቴስታታ ከመፈታቱ በፊት ይፈተሽ። በባዶ ውሃ ፋንታ ኩላንት መጠቀምም የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትንም ይከላከላል።

ቀጥሎ መኪናው መቼ እንደሚሞቅ በጥንቃቄ ይመዝገብ፤ ለመካኒኩም ከማንኛውም መረጃ በላይ የሚጠቅመው ይህ ነው። በመጨናነቅ ውስጥ ቆሞ እየሞቀ ሲጓዝ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ጉድለቱ የአየር ነው። ቬንትሌተሩ እየዞረ ሳለ በራዲያተሩ ፊት ወረቀት ይያዝ፤ ወረቀቱ ተስቦ ሊለጠፍ ይገባል። ተገፍቶ ከራቀ ቬንትሌተሩ በተቃራኒው እየዞረ ነው፤ ሽቦዎቹ ተለዋውጠው ተገናኝተው ይሆናል። ጨርሶ የማይነሳ ከሆነ ፊውዙ፣ ሪሌውና ከኮምፒውተሩ የሚመጣው ትእዛዝ ይፈተሻሉ። በቬንትሌተሩና በራዲያተሩ መካከል ያለው ማቀፊያ በለውጡ ወቅት ከተጣለም አየሩ በጎን ያመልጣል።

በአንጻሩ ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ በፈጣን ጉዞ ወይም ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚያወጣውን በመሰለ ረጅም ዳገት ላይ የሚሞቅ ከሆነ ጉድለቱ የውሃ ነው። ራዲያተሩ ለአዲሱ ሞተር አንሷል፣ ወይም ውስጡ በደለል ተዘግቷል፣ ወይም የታችኛው ማኒኮቶ በፓምፑ መሳብ ይጨፈለቃል። ከፍታው እዚህም የራሱ ድርሻ አለው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል።

አድሮ በተነሳ በጥቂት ደቂቃ የሚሞቅ መኪና በውስጡ አየር ታምቆበት ሊሆን ይችላል። የራዲያተሩ አናት ከሞተሩ አናት ዝቅ ብሎ ሲታሰር ይህ በቀላሉ ይከሰታል። መኪናውን ፊቱን ወደ ዳገት አቁሞ፣ የውስጥ ማሞቂያውን ከፍቶ በቀስታ መሙላት አየሩን ያስወጣል።

ለሙቀት መፍትሔ ተብሎ ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል ግን አይመከርም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል፤ በአንዳንድ ሞተሮችም ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ይመለሳል። በብዙ ዘመናዊ ሞተሮች ቴርሞስታቱ የሚገኘው በውሃው መግቢያ በኩል ነው። የእነዚህ አቋራጭ ቱቦ በለውጡ ጊዜ ከተደፈነ፣ ጤነኛ ቴርሞስታትም የሞቀው ውሃ ስለማይደርሰው ዘግይቶ ይከፈታል።

ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ውሃው ሳያቋርጥ አረፋ የሚያወጣ፣ ፍሳሽ ሳይታይ የሚጎድል ወይም ዘይቱ ወተት የሚመስል ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሳይበላሽ አልቀረም፤ መኪናው አይነዳም፣ ተጎትቶ ወደ ጋራዥ ይወሰዳል። ጉዳቱ ከፍቶ ሌላ ሞተር የሚገባለት ከሆነ የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ ከሰፈረው ስለሚለይ፣ ባለንብረቱ ለውጡን ተሽከርካሪው ለተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ከዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ በፊት ያሳውቅ።